ለልጄ፦ በኃይሌና በቀነኒሳ ጉዳይ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እናትህ በሶውን አዘጋጅታ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሰው እየጠበቀች ነው። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ጭላሎ ሰሞኑን ከደመና አልወጣም፤ ብርዱን አንተ ታውቀዋለህ።

እህትህ ነገሩን አጫወተችኝ። ከመኝታ ክፍል ጓደኛህ ጋር «ኃይሌ ይበልጣል፣ ቀነኒሳ ይበልጣል» ተባብላችሁ፣ ክርክሩ ወደ ስድብ ሄዶ፣ ይኸው ሰላምታ ካቆማችሁ ሰንበት ብሏል አለችኝ። እሱ የበቆጂ ልጅ ነው፣ አንተ የአሰላ። እዚህ ብትሆኑ በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ የምትጠያየቁ ልጆች፣ በሰው አገር አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥታችሁ ትተኛላችሁ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ሆዴ ባባ።

ክርክራችሁን ግን አልነቅፍም። የአርሲ ልጅ ስለ ሯጭ ካልተከራከረ ስለ ምን ሊከራከር ነው? ያወጣኸውን የደረጃ ዝርዝር እህትህ ከስልኳ አሳየችኝ። ኃይሌ አንደኛ፣ አበበ ቢቂላ ሁለተኛ፣ ቀነኒሳ ሦስተኛ፣ ምሩጽ አራተኛ፣ ማሞ ወልዴ አምስተኛ። ደጋግሜ አየሁት። የምልህን በስልክ ተናግሬ አልጨርሰውም ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ዓመተ ምሕረቱን ለሩጫው እንዲመችህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

የተለያየ ዘመን ሰዎችን እያስተያዩ መሟገት የእኛ ብቻ አይደለም። ቡጢ የሚወዱ ሕዝቦች ዕድሜ ልካቸውን ይሟገቱበታል። ጆ ሉዊስና መሐመድ አሊ በአንድ ዘመን ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር ይላሉ። ክብደታቸው የማይገናኘውን ለማወዳደር ደግሞ ሁሉም እኩል ቢመዝኑ ኖሮ የሚል መለኪያ አበጅተው፣ ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ብዙዎቹ በዚያ ሚዛን ከሁሉ በላይ ያስቀምጡታል። አንድ ጊዜም ነገሩን በኮምፒውተር እንፍታው አሉ። ጡረታ የወጣውን ሮኪ ማርሲያኖንና በዚያን ጊዜ ከውድድር ታግዶ የነበረውን አሊን ካሜራ ፊት አቁመው የውሸት አጋጠሟቸው። ፊልሙ በ1970 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን ሲዘርር ታየ። ለአውሮፓ ተመልካች ግን አሊ የሚያሸንፍበት ሌላ መጨረሻ ተዘጋጅቶለት ነበር። ማርሲያኖ ፊልሙ ሳይታይ በአውሮፕላን አደጋ አረፈ። ማሽን የገባበት ፍርድ እንኳ ለየአገሩ ሰው እንደየስሜቱ ተከፍሎ ተሰጠ ማለት ነው።

አሊን ያነሳሁት አለምክንያት አይደለም። እሱና አበበ የአንድ ኦሊምፒክ ሰዎች ናቸው። ሮም፣ 1960። ያኔ ካሲየስ ክሌይ ይባል የነበረው የ18 ዓመት ልጅ በቀላል ከባድ ሚዛን ወርቁን በወሰደ በአምስተኛው ቀን፣ የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ።

ለቡጢ ሰዎች የሚፈርድላቸው ሰዓት የለም። እኛ አለን። ስለዚህ የእኛ ሙግት በቀላሉ የሚፈታ ይመስላል። እስቲ ሰዓቱን ብቻ እንመነው። አበበ ሮም ላይ የገባው በ2:15:16 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ገባ። በጊዜው ሁለቱም ከዓለም አንደኛ ነበሩ። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ የሮጠችው 2:11:53 ነው። በሰዓት ከሄድን ትዕግስት አበበን በሁለቱም ኦሊምፒኮች ቀድማው ትገባለች። ለትዕግስት ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ይገባታልም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት አበበን ከዝርዝርህ ልታወጣው ነው? አታወጣውም፤ አላወጣኸውምም። አበበ ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበትን የሮም ጥንታዊ መንገድ በባዶ እግሩ እየረገጠ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በሚያበሩለት ጨለማ ውስጥ ነው የሮጠው። ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ትዕግስት 138 ግራም የሚመዝን፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጫማ ተጫምታ፣ ወንዶች አሯሯጮች ይዛ ሮጠች። አንዱ የሌላውን አያሳንስም። ሰዓቱ ግን እነዚህን ነገሮች ሁሉ ውጦ ቁጥር ብቻ ነው የሚተፋልህ።

አያትህ የሁለት ሰው ማሳ ሲያወዳድሩ ኩንታሉን ከመጠየቃቸው በፊት ዓመቱን ይጠይቁ ነበር። ዋግ በመታው ዓመት አሥር ኩንታል ያስገባ ገበሬ፣ ዝናቡ በሰመረ ዓመት ሃያ ካስገባው ሊበልጥ ይችላል ይሉ ነበር። እኔም ሯጭ የምመዝነው በዚያው መንገድ ነው። ከማን ጋር ሮጠ፣ ምን ይዞ ሮጠ፣ ምን ተከለከለ የሚለውን ሳላውቅ ደረጃ አልሰጥም።

አሁን ወደ ጠባችሁ ልምጣ።

ኃይሌ የእኛ ልጅ ነው። ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ስለነበር፣ ዓለምን ሲያሸንፍም ያ ክንዱ ታጠፍ እንዳለ ቀረ። ሌሎቹ የ5,000 ሜትርን ክብረ ወሰን በአንድና በሁለት ሰከንድ ሲነጣጠቁት፣ እሱ በ1995 ዙሪክ ላይ 12:44.39 ሮጦ ወደ 11 ሰከንድ ገደማ ቆረጠለት። የሲድኒውን ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜማ አትጠይቀኝ። መስቀል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ላይ ተሰብስበን፣ ፖል ቴርጋት ደወሉ ከተደወለ በኋላ አፈትልኮ ሲወጣ ከመካከላችን «አለቀ» ያለ ሰው ነበር። ኃይሌ በዚያ ዓመት የተረከዙ ጅማት አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት ነበር። ያን ታማሚ እግር ይዞ የመጨረሻውን ቀጥታ መስመር እየተናነቀ መጣ፤ መስመሩ ላይ ደረቱን ሰጠ። 27:18.20 ለ27:18.29። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች መቶ ሜትር አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት በ12 መቶኛ ሰከንድ ነው። እነ ኃይሌ 25 ዙር ሮጠው የተለያዩት በ9 መቶኛ ነው። በዚያን ቀን አሰላ ውስጥ የነበረ ሰው ኃይሌን ከማንም በታች ለማድረግ እጁ ይከብደዋል። የእኔም ይከብደኛል።

ቢሆንም እውነቱን መናገር አለብኝ። በመም ላይ ከሆነ ክርክሩ፣ ጓደኛህ ትክክል ነው። ቀነኒሳ ይበልጣል።

ለምን እንደምል ስማኝ። ኃይሌ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፣ ቀነኒሳ ሦስት። ቀነኒሳ በ2008 ቤይጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም አንድ ላይ ወሰደ፤ በ2009 በርሊን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ደገመው። ኃይሌ በአዋቂዎች የዓለም ሀገር አቋራጭ አሸንፎ አያውቅም፤ ቀነኒሳ ግን በረጅሙና በአጭሩ ርቀት በድምሩ 11 ጊዜ በግሉ አንደኛ ወጣ። ጭቃ፣ አቀበት፣ ሣር፣ ብርድ፣ ከየአገሩ የተመረጡ ሯጮች በአንድ ሜዳ። እንደ እኔ እንደ እኔ ከዚያ የበለጠ ፈተና የለም። በ2005 ብራስልስ ላይ በ10,000 ሜትር ያስመዘገበው 26:17.53 እስከ 2020 ድረስ 15 ዓመት ቆመ። የሰበረው ቼፕቴጌይም ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን በመሙ ዳር እየበራ ፍጥነቱን የሚነግረው መብራት ነበረው፤ ጫማውም የአዲሱ ዘመን ጫማ ነው። ቀነኒሳ ብራስልስ ላይ መብራት አልነበረውም።

ሰዓት የማይነግርህ ደግሞ ይኸውልህ። በዚያው በ2005 ጥር ወር እጮኛው ዓለም ተጫኔ አብራው ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ አረፈች። ገና 18 ዓመቷ ነበር። በመጋቢት ቀነኒሳ ፈረንሳይ ሄዶ ሁለቱንም የሀገር አቋራጭ ውድድሮች አሸነፈ፤ በነሐሴ ደግሞ ያን የብራስልስ ሰዓት ሮጠ። እንዲህ ያለ ሐዘን ተሸክሞ እንዲህ ያለ ዓመት ያሳለፈ ሌላ ሯጭ እኔ አላውቅም።

«ኃይሌን ያሸነፈው ከደከመ በኋላ ነው» እንዳልከውም ሰምቻለሁ። እውነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው። በ2003 ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው 10,000 ሜትር ሲገናኙ ቀነኒሳ 21 ዓመቱ፣ ኃይሌ 30 ነበር። ግን ኃይሌ ያን ቀን ዝም ብሎ አልተሸነፈም። የመጨረሻውን 5,000 ሜትር መሪዎቹ የጨረሱት ከ13 ደቂቃ በታች ነበር፤ ያን ፍጥነት ያመጣውም ኃይሌ ራሱ ነው። ቀነኒሳ የቀደመው በአንድ ሰከንድ ከጥቂት ነው። ስለሺ ስህን ሦስተኛ ገባና ሦስቱም ሜዳሊያ የእኛ ሆነ። የደከመ ሰው እንደዚያ አይሮጥም።

ልጄ፣ ከሁሉ በላይ እንድታየው የምፈልገው የአቴንሱን ነው። አንተ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር። ነሐሴ 2004፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ናቸው። ፍጥነቱ ጨምሮ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር፣ እነዚያ ሁለት ልጆች አንገታቸውን እያዞሩ ወደ ኋላ ያዩ ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ያያሉ፣ ሩጫቸውን ቀዝቀዝ ያደርጋሉ፣ ደርሷል አልደረሰም ብለው እንደገና ያያሉ። የኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ፣ ወርቅ ፊታቸው ተቀምጦ፣ ታላቃቸውን ይጠብቁ ነበር። ኃይሌ መድረስ እንደማይችል ሲያውቁ ነው ጥለውት የሄዱት። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ገባ።

አንተና ጓደኛህ የምትሰዳደቡበት ጉዳይ ባለቤቶቹ ዘንድ እንደዚህ ነበር። ቀነኒሳ ኃይሌን ሲያሸንፈው አንገቱን እያዞረ ነው። እሱን ጠብቆ ባይመጣለት ነው የሄደው። ይህን ያየ የበቆጂ ልጅ ኃይሌን ሊሰድብ አይችልም፤ ይህን ያየ የአሰላ ልጅም ቀነኒሳን ሊጠላ አይችልም።

ለኃይሌ የምሰጠው ሌላ ቦታ አለ። ከ1,500 ሜትር እስከ ማራቶን የተዘረጋ ሯጭ ነው። በ1999 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1,500ውንም 3,000ውንም አሸንፎ፣ በ2008 በርሊን ላይ በ2:03:59 ማራቶንን ከ2:04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቀነኒሳም በ2019 በ2:01:41 ገብቶ ከክብረ ወሰኑ ሁለት ሰከንድ ብቻ እንደቀረው አልረሳሁም፤ የዚያ ጊዜ ጫማ ግን የኃይሌ ጊዜ ጫማ አልነበረም። ደግሞም ቀነኒሳ ሲነሳ ከፊቱ የሚያሳድደው ቁጥር ነበረው። 12:39.36ን እና 26:22.75ን እዚያ ያስቀመጠለት ኃይሌ ነው። ኃይሌም በልጅነቱ የምሩጽን የሞስኮ ድል በሬዲዮ ሰምቶ ነው ልቡ የተነሳው።

ምሩጽን አራተኛ አድርገኸዋል። እኔ አልቃወምህም፤ ግን ምን እንደተከለከለ አስበህ ይሁን። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ነሐስ ወሰደ፤ 5,000ውን ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 አፍሪካ ከሞንትሪያል ስትቀር እሱም ቀረ። ማርሽ ቀያሪው በሁለቱ ርቀት ወርቅ የወሰደው ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1980 ነው። ሞንትሪያል ላይ ቢሮጥ ኖሮ ዝርዝርህ ምን ይመስል ነበር?

ስሙን ያልጠቀስከው ደግሞ አለ። በላይነህ ዴንሳሞ፣ አሁን አንተ ባለህበት አካባቢ፣ በያኔው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር የተወለደ ሰው። ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጠ፤ ያ ክብረ ወሰን አሥር ዓመት ቆመ። በዚያው ዓመት ሴኡል ላይ የኦሊምፒኩ ማራቶን አሸናፊ የገባው በ2:10:32 ነው። በላይነህ አልነበረም፤ ኢትዮጵያ አልሄደችም። በ1984 ሎስ አንጀለስም አልሄደችም። አንድ ሙሉ ትውልድ ሯጭ ጉልበቱ በደረሰበት ጊዜ የኦሊምፒክ በር ተዘጋበት፤ ዛሬ ሜዳሊያ ስንቆጥር እነሱ ባዶ እጃቸውን የቀሩ ይመስላሉ። በዚህ በጣም አዝናለሁ። ጓደኞችህ በላይነህን የማያውቁት ከሆነ ንገራቸው። እዚያው ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ አለማወቅ ነውር ነው።

ዝርዝርህን ሳይ ልቤን ያሳመመው ግን ሌላ ነው። አምስት ስም ጻፍክ፤ አንዲት ሴት የለችበትም። እህትህ ስልኳን ስትሰጠኝ ምንም አላለችም። ግን ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ወደ ጭላሎ አቀበቱን ሮጣ እንደምትመለስ ታውቃለህ። በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ባለበት ከተማ አድገህ፣ ጥሩነሽን ረስተህ ትጽፋለህ? ጥሩነሽ በ18 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በአንድ ኦሊምፒክ 5,000ውንም 10,000ውንም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ በ2012 ለንደን ላይ 10,000ውን ደገመችው። ሦስት ወርቅ፣ ሦስት ነሐስ። ቁጥር ከተባለ ከነ ኃይሌ ጎን ሳይሆን አለፍ ብላ ነው የምትቀመጠው።

የእኔን አንደኛ ከጠየቅከኝ ግን ደራርቱ ቱሉ ናት።

እንዲህ የምለው በሜዳሊያ ብዛት አይደለም። አበበ ሲሮጥ ከፊቱ ኢትዮጵያዊ ባለወርቅ እንዳልነበረ ሁሉ፣ ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ለ10,000 ሜትር ስትቆም ከፊቷ አንዲትም ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ባለወርቅ አልነበረችም። በቆጂ ላይ ከብት ስትጠብቅ ያደገች የ20 ዓመት ልጅ ናት። በመጨረሻው ዙር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጥላ ወጣች፤ መስመሩን ካለፈች በኋላ ደግሞ ቆማ ጠበቀቻት። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ እገዳ ወጥታ የመጣችበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ነበር። ጥቁሯና ነጯ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደራርቱ በ1998 ልጅ ወለደች፤ ጉዳቱም ነበረባት፤ ብዙ ሰው አበቃላት ብሎ ነበር። ከመጀመሪያው ወርቅ ስምንት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ በ30:17.49 እንደገና አሸነፈች። በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ፣ በ2009 በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶን። የወለደች ሴት ተመልሳ ዓለምን ልታሸንፍ እንደምትችል እዚህ አገር ያየነው በእሷ ነው። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶኑን ስታሸንፍ፣ ጥሩነሽና እህቶቿ በቆጂ ላይ ሲሮጡ፣ የተከፈተ መንገድ ነበራቸው። ጥሩነሽ የደራርቱ ዘመድ ናትና በቤቷ ውስጥ ሆና ነው መንገዱን ያየችው። ለደራርቱ ያን ያሳያት ሴት አልነበረችም።

ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ምክንያቱንም ነግሬሃለሁ። ጥሩነሽን ከደራርቱ በላይ የሚያደርግ ሰው ቢገጥመኝ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፤ የሚናገረው ብዙ አለውና።

አሁን የምለምንህን ስማ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ፣ ዛሬ ነገ ሳትል፣ ለዚያ ልጅ «በመሙ ላይ አንተ ትክክል ነህ፤ አባቴም እንዲሁ ብሏል» በለው። በስድቡ ይቅርታ ጠይቀው፤ እሱም ቢሰድብህ የራስህን ቀድመህ አንሣ። በሶው ሲደርስ አብራችሁ ብሉት። ክርክሩን ከፈለጋችሁ ቀጥሉበት፤ ግን በላይነህንም፣ ፋጡማንም፣ ደራርቱንም፣ ጥሩነሽንም አስገብታችሁ። ለእህትህ ደግሞ አንተው ራስህ ደውልላትና አዲሱን ዝርዝር ንገራት። እኔ እንዳልኩህ አታስመስለው።

ለገና ስትመጣ ልጁን ይዘኸው ና። በቆጂ ከመውረዱ በፊት እኛ ጋ አንድ ቀን ይደር፤ እናትህ አልጋውን አዘጋጅታለች። ደራርቱን አንደኛ ማድረጌን ይስማማበት እንደሆነ ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። የበቆጂ ልጅ ነውና ሳያፍርልኝ ይነግረኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አባትህ፣
ከአሰላ